ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስለ ጦር መርከብ ቀለም ምን ይነግረናል?

በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍለ ጊዜ ከካርቶንም ሆነ ከእንጨት አንድ ሞዴል ሠርተን ባቀረብን ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ቀለሙን ከየት አመጣችሁት?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ርዝመቱንና ስፋቱን ከመጽሐፍ አግኝተን በማስመሪያ እንለካለን፤ ብንሳሳት ሌላው ለክቶ ያርመናል። ቀለምን ግን ተማሪው አንዴ በዓይኑ ካየው በኋላ ማን ይፍቀዋል? መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣት መርከብ ሰማያዊ ከሆነች ለዚያ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሰማያዊ ናት።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የድሮ የጦር መርከብ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ከአሮጌ ፎቶግራፍ ተነሥተው ቀለሙን እንዴት እንደሚገምቱ፣ ግምታቸውም የት ላይ ማቆም እንዳለበት እናስረዳለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ዛሬ የባሕር በር የሌለን ሰዎች የጦር መርከብ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ለኛም የምትቀርብ አንዲት መርከብ አለች። የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነበር። በአሜሪካ ተሠርታ በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ጀመረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና የምትሰጥ ረዳት መርከብ ነበረች። በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠችና ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ። ለብዙ ዓመታት የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና ማሠልጠኛው ሆና ቆየች። በ1991 ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እንግዲህ ዛሬ ሄዶ በዓይን አይቶ መመለስ የለም። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ስለነበረ በ1 ለ200 ልኬት ብንሠራት 47 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ ጠረጴዛ ላይ በደንብ ትቀመጣለች ማለት ነው። ታዲያ ምን እንቀባት? መጀመሪያ የሚመጣልን መልስ «ግራጫ ነዋ!» ነው። የትኛው ግራጫ?

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ፊልም እንደ ሰው ዓይን አለማየቱ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለምን አይመዘግብም፤ የብርሃንን ብዛት ብቻ ይመዘግባል፤ ያንንም ፊልሙ ሊያየው የሚችለውን ብርሃን ብቻ። የጥንቱ የፎቶግራፍ መስተዋት ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ብቻ ነበር የሚያየው። በ1873 ፎገል የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት በመስተዋቱ ላይ የተወሰነ ማቅለሚያ ቢጨመር አረንጓዴንም እንደሚያይ አገኘ፤ ከዚህ የመጣው ዓይነት ኦርቶክሮማቲክ ይባላል፤ ቀይን ግን አያይም። ቀይንም ጭምር የሚያየው ፓንክሮማቲክ ለገበያ የቀረበው በ1906 ሲሆን፣ በሰፊው የተለመደው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ይህን በሰንደቅ ዓላማችን እንየው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ባንዲራ በጥንቱ መስተዋት ብናነሣው ሦስቱም ጠቆር ጠቆር ብለው ይወጣሉ፤ ቢጫው እንኳ ይጨልማል። በኦርቶክሮማቲክ ብናነሣው አረንጓዴው መካከለኛ ግራጫ፣ ቢጫው ፈዘዝ ያለ፣ ቀዩ ግን ጥቁር ይሆናል። በፓንክሮማቲክ ከሆነ ቢጫው ወደ ነጭ ይጠጋል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ሁለቱም መካከለኛ ግራጫ ሆነው ለመለየት ያስቸግራሉ። ባንዲራው አንድ፣ ፎቶግራፉ ሦስት ዓይነት! አገሩን የማያውቅ ሰው ከሦስቱ ፎቶግራፎች ሦስት የተለያዩ ባንዲራዎች ይሥል ነበር።

በመርከብም ላይ እንዲሁ ነው። ከውኃው በታች ያለው አካል ቀይ የተቀባ ከሆነ በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ላይ ጥቁር ይመስላል። ሰማያዊነት ያለው ግራጫ ደግሞ በተቃራኒው ከእውነቱ ይልቅ ነጣ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው «ይህ ቅብ ጠቆር ያለ ነው» ከማለቱ በፊት የፊልሙን ዓይነት መለየት አለበት። ዘዴውም ያው ባንዲራ ነው። የአሜሪካ መርከብ ከሆነች የባንዲራዋን ቀይ መስመሮችና ሰማያዊ ማዕዘን አስተያይ፦ መስመሮቹ ጥቁር ሆነው ሰማያዊው ከነሱ ፈዘዝ ካለ ፊልሙ ቀይን የማያይ ነው። ሰማዩም ይመሰክራል። ደመናው ሳይለይ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ከወጣ ፊልሙ ሰማያዊን አብዝቶ የሚያይ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ላይ አንሺው ሌንሱ ፊት ቢጫ ወይም ቀይ መስተዋት አድርጎ እንደሆነ ሰማዩም፣ ሰማያዊ ቅብም ይጨልማል። እንግዲህ ጣጣው ብዙ ነው።

ፊልሙ ከታወቀ በኋላ ብርሃን ይመጣል። ፀሐይ የመታችው ጎንና ጥላ ውስጥ ያለው ጎን በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ተቀብተው ሳለ ሁለት የተለያዩ ቅቦች ይመስላሉ። ወደ ሰማይ የተገለጠው ወለልና ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳም አንድ አይሆኑም። የረጠበ ብረት ይጠቁራል፤ ወይም ያብረቀርቅና ይነጣል። ፎቶግራፉ ሲታጠብ፣ ከፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ በመጨረሻም መጽሐፍ ላይ ሲታተም ፈዛዛው እየነጣ፣ ጠቆር ያለው እየጨለመ ይሄዳል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ውስጥ ቀለሙ የሚታወቅ ነገር እንፈልጋለን። የመርከበኛ ነጭ ቆብ፣ በጎኗ ላይ በነጭ የተጻፈ ቁጥር፣ በሌላው ወገን ደግሞ የተከፈተ መስኮት ውስጡ ያለው ጨለማ። በነጩና በጥቁሩ መካከል የመርከቧ ቅብ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚውል በዚያ ይገመታል፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ካሉ ብቻ! ይህም ሆኖ የምናገኘው የቅቡን ንጣትና ጥቁረት ነው እንጂ ቀለሙን አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆን አንድ እንግሊዛዊ መኮንን አለ። ሉዊ ማውንትባተን በ1940 በሱ ሥር የነበሩትን መርከቦች ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ አስቀባቸው፤ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ከሰማዩ ጋር ተመሳስለው እንዲጠፉ አስቦ ነው። ዛሬ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፋቸውን ብናይ የሚታየን ተራ መካከለኛ ግራጫ ነው። ሮዝ የጦር መርከብ! ፎቶግራፉን ብቻ ይዞ ይህን የሚገምት ሰው የለም፤ የታወቀው በጽሑፍ ስለቀረ ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፉ ከሰነድ ጋር መነበብ አለበት። ከሰነድም ትልቁ ቁም ነገር ቀኑ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጦርነቱ ጊዜ የመርከብ አቀባቦችን በቁጥር ለይቶ ያዝዝ ነበር። ለምሳሌ ስልት 22 በሚባለው፣ የመርከቧ ጎን ወለሉ ዝቅ እስከሚልበት ልክ ድረስ በጠቆረ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የጭጋግ ግራጫ በሚባለው ፈዛዛ ቅብ ይቀባል። መለያው መስመር ከውኃው ጋር እኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የመርከቧ አፍንጫ ግን ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያ ላይ ከሰማያዊው በላይ የግራጫ ሽብልቅ ይታያል። ይህን መስመር ፎቶግራፍ ላይ ያየ ሰው ስልቱን ያውቃል፤ ስልቱን ካወቀ የቅቡን ስም ከመመሪያው ያገኛል። ፎቶግራፍ ከማንም በላይ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለምን ሳይሆን ቅርጽን፣ ድንበርን፣ መስመርን በመናገር።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ 5-ኤን የሚል መለያ ነበረው። በ1945 መጀመሪያ ላይ ሰማያዊው ማቅለሚያ ሲያጥር ባሕር ኃይሉ ሰማያዊነት ወደሌለው ጠቆር ያለ ግራጫ ተሻገረ፤ መለያው ግን ያው 5-ኤን ሆኖ ቀረ። ጥቁረታቸው ስለሚቀራረብ በፎቶግራፍ ላይ አንዱ ከሌላው አይለይም። በ1944 የተነሣች መርከብና በ1945 አጋማሽ የተነሣች መርከብ በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ፤ በእውን ግን አንዷ ሰማያዊ፣ ሌላዋ ግራጫ ልትሆን ትችላለች። የሚለያቸው ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቀን ነው።

ደግሞ ቅቡ ከፋብሪካ ተደባልቆ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን። ነጭ መሠረቱና ሰማያዊ ጥቁር የሆነው ማቅለሚያ ለየብቻ ይመጡና በተሰጠው መጠን ይደባለቁ ነበር። ማቅለሚያው በዛ ካለ ይጠቁራል፣ አነስ ካለ ይነጣል። ከዚያ ፀሐይና ጨው ያነጡታል፤ የዛገውን ፍቀው እዚህም እዚያም እንደገና ይቀባሉ። ስለዚህ «ትክክለኛው ቀለም ይህ ብቻ ነው» ብሎ የአንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ስም እየጠራ የሚከራከር ሞዴል ሠሪ፣ በእኛ አስተያየት፣ መርከብን ከግድግዳ ወረቀት ጋር አምታቷል።

ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሐርበር ላይ የሰጠመችው አሪዞና በዚያች ዕለት ምን ቀለም ነበራት በሚለው ላይ ሞዴል ሠሪዎች ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል። አንዱ ወገን 5-ዲ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ነው ይላል፤ ሌላው 5-ኤስ የሚባለው የባሕር ሰማያዊ ነው ይላል። መነሻው ባሕር ኃይሉ በዚያው በ1941 ጥቁር ግራጫውን እየተወ ወደ ሰማያዊዎቹ ቅቦች መሻገር መጀመሩ ነው። ጥያቄው እንግዲህ አዲሱ ቅብ ከመስጠሟ በፊት ደርሷት ነበር ወይ ነው። ሁለቱም ጠቆር ያሉ በመሆናቸው የዚያን ዕለቱን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩት አይፈርድም፤ የሚፈርደው የመርከብ ማደሻው ወረቀት ነው። በዚያች መርከብ ላይ 1,177 ሰዎች ሞተዋል፤ የብዙዎቹ አስከሬን ዛሬም በውስጧ ነው። የሟች ቤተ ሰብ ሞዴሏን ሲያይ የሚያየው መጫወቻ አይደለም። ቀለሟን በግምት ቀብቶ እንደ እርግጥ መናገር ለዚህ ነው የማያምረው።

ባለ ቀለም ፊልምስ? ኮዳክሮም ለገበያ የወጣው በ1935 ስለሆነ የጦርነቱ ዘመን ባለ ቀለም ፎቶግራፎች አሉ፤ ኮዳክሮምም በጨለማ በደንብ ከተቀመጠ ቀለሙን ከሌሎች ፊልሞች በተሻለ ይጠብቃል። ሌሎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ ብዛት ወደ ቀይ ያደላሉ። ቢሆንም የማለዳና የማታ ብርሃን ግራጫውን ወርቃማ ያደርገዋል፤ ጥላ ደግሞ ሰማያዊ ያለብሰዋል። ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባው ግን ዛሬ በኮምፒዩተር ቀለም ከተቀባ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ኮምፒዩተሩ የጠፋውን ቀለም አላገኘውም፤ ገምቶ ነው የቀባው። ሥዕሉ እጅግ ያምራል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ከሱ ቀድቶ ሞዴል የሚቀባ ሰው የሌላውን ግምት ነው የሚገለብጠው።

መርከቧ ዛሬም ካለች ነገሩ ይቀላል፤ ቅቡን ንብርብር በንብርብር መፋቅ ይቻላል። በ1805 ትራፋልጋር ላይ የተዋጋችው የእንግሊዟ ቪክቶሪ ካሜራ ያልነበረበት ዘመን መርከብ ናት። የቅቧ ንብርብር በአጉሊ መነጽር ተመርምሮ በ2015 እንደገና ስትቀባ፣ ሰው የለመደው ደማቅ ቢጫ ቀርቶ ወደ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ሆነ። የለመዱት ብዙዎች ተገርመው ነበር።

አሁን ወደ ብሩሹ እንመለስ። ነጭና ጥቁር ብቻ ደባልቀን የምናገኘው ግራጫ ለጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ቅቦች አይበቃም፤ ሰማያዊ መጨመር ያስፈልጋል። ትንሽ ሞዴል ላይ ያው ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ብዙ ሠሪዎች ጥቂት ነጭ ያክሉበታል፤ ይህ የዓይን ጉዳይ ነውና የማይስማሙም አሉ። ቀብተን ስንጨርስ ሞዴሉን በሞባይል አንሥተን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ፣ ከአሮጌው ፎቶግራፍ ጎን አስቀምጦም ማስተያየት ይቻላል። ፎቶግራፉ የጥንቱ ዓይነት ከሆነ ግን ከሞባይሉ ሥዕል የሰማያዊውን ብርሃን ብቻ ነጥለን ማየት አለብን፤ አለዚያ ዳኝነቱ የተዛባ ይሆናል። ሁለቱ ባይመሳሰሉ ቀለማችን ስሕተት ነው፤ ቢመሳሰሉ ግን ልክ ሊሆን ይችላል ማለት ብቻ ነው። ፈተናው ይጥላል እንጂ አያሳልፍም።

በሞዴሉ መቆሚያ ላይ የምትለጠፈው ወረቀትም ሥራ አላት። መስመሩ ከፎቶግራፍ፣ የቅቡ ስም ከመመሪያ፣ የወለሉ ቀለም በግምት መሆኑን ለየብቻ እንጻፍባት። ልጆች ይህን ሲያነቡ «ግምት» የተባለውን ይዘው መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ከቀለሙ ይልቅ ያ ጥያቄ ለክፍሉ ይጠቅመዋል።

«ኢትዮጵያ»ን የምንሠራት በ1962 ከተረከብናት በኋላ ባለው መልኳ ነው። የ1944 የኦርካ ፎቶግራፍ ስለዚያ ዘመን ቅቧ አይመሰክርም፤ ቅርጿን ለመውሰድ ግን ይጠቅማል። ባሕር ኃይል ያገለገሉ አባቶችና አጎቶች በየቤቱ፣ በውጭ አገርም አሉ። አልበማቸው ውስጥ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ፣ ከኋላው ቀንና ቦታ የተጻፈበት ከተገኘ፣ በመጪው እረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ ጓደኞቻችን እናንተ በፊትና በጀርባ አንሥታችሁ አምጡልን። ካርቶኑ ተቆርጧል፤ ቀለም ግን አልተገዛም።