የእስክንድር ሌሊት ከአቃቂ ሲታይ

አቃቂ ቃሊቲ ከሌሊት ጋር ትውውቅ አለው። ፋብሪካ የበዛበት ሰፈር በመሆኑ፣ ብዙው ከተማ ሲተኛ እዚህ የሌሊት ፈረቃ የገባ ሠራተኛ ማሽን አጠገብ ቆሟል። የጅብ ጩኸት እየሰማ በጨለማ መንገድ ያመሸ ሰው ፍርሃትም፣ ቤት የመድረስ ደስታም አንድ ላይ ምን እንደሚመስሉ ያውቃል።

ይህን የሚያውቅ ሰው የሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንን አንድ ሥዕል ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1964 ፓሪስ ውስጥ የሠራው ይህ የዘይት ቀለም ሥዕል፣ ርእሱ የሥጋትና የደስታ የሌሊት በረራ እንደ ማለት ነው። በጨለማ ሰማይ ላይ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት ያንዣብባሉ፤ አውሬ ይሁኑ መንፈስ ወዲያው አይለይም።

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ለትምህርት ለንደን ሄደ፤ ከዚያም ፓሪስ ገባ። እዚያ የሠዓሊዎቹን የፓውል ክሌንና የዊፍሬዶ ላምን ሥራ አጠና፤ ከአገሩ ይዞት የሄደውን የክታብ ሥዕል ግን አልጣለም። ደብተራዎች የሚያዘጋጁት የብራና ክታብ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ላዩ ላይ የሚሣሉት ትልልቅ ዓይኖች ክፉ መንፈስን ያባርራሉ ተብሎ ይታመናል። በእስክንድር ሥዕሎች ውስጥ የዚያ ክታብ ዓይን ደጋግሞ ይታያል።

በዘይት ቀለም ሠዓሊው በደረቀ ቀለም ላይ ስስ ቀለም መደራረብ ይችላል። ብርሃን በንብርብሩ ውስጥ አልፎ ይመለሳል፤ ጥቁር የመሰለው ቦታ ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ የሚገለጠው ያኔ ነው። የስልክ ፎቶ ይህን ይገድለዋል። ሥዕሉ ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ ራቅ፣ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ ቀረብ ማለት ያስፈልጋል።

አንዱ ተመልካች የልጅነት ቅዠቱን፣ ሌላው የአያቱን ክታብ፣ ሌላው ከፈረቃ የሚመለስበትን መንገድ ያያል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ሥዕሉን እስካልተዉ ድረስ። ፍርሃቱን ብቻ ያየ ሰው ርእሱ ውስጥ ያለውን ደስታ ቀለሙ ላይ ተመልሶ ይፈልግ።

ሥዕሉ ዛሬ የሚገኘው አሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ የሚቀርበው ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሄዳችሁ አንዱ ሥዕል ፊት ረጋ ብላችሁ ቁሙ፤ ያያችሁትንም አብሯችሁ ለሄደው ሰው ሳታፍሩ ንገሩት።