የተቀመጠው ፋይል ለምን አይታይም?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የብዙ ሰው ጉዳይ በኮምፒውተር ያልፋል፤ የሥራ ማመልከቻ፣ የተማሪ ጥናት፣ የቤት ኪራይ ውል። ጸሐፊዋ ውሉን አስቀምጣ ፎልደሩ ውስጥ ካላየችው ባለጉዳዩም አብሮ ይደነግጣል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም።

የዊንዶውሱ ፋይል ኤክስፕሎረር ዲስኩን በየቅጽበቱ አያስስም፤ ለውጥ ሲኖር ሲስተሙ እንዲነግረው ይጠብቃል። መልእክቱ ከቀረ፣ በተለይ በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ፣ የቆየውን ዝርዝር እንደያዘ ይቀራል።

ዝርዝሩን ለማደስ መጀመሪያ ኤፍ 5ን መጫን ነው።

ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ ከዚያ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን መርጦ ሪስታርት ማድረግ ይቻላል፤ ኮፒ እየተደረገ ያለ ነገር ካለ ግን እስኪያልቅ ይጠበቅ። ፋይሉ አልታየም ብሎ አንዱን ውል በተለያየ ስም ደጋግሞ ማስቀመጥ ክፉ ልማድ ነው፤ የታረመው የትኛው እንደሆነ ኋላ መለየት ይቸግራል። ውሉ ፍላሽ ላይ ከተቀመጠም ፍላሹ ኢጄክት ሳይደረግ አይነቀል።