ደል፣ ቦሪንግ፣ ብላንድ፦ ስማቸው የማያጓጓ ሦስት አገሮች

በዌልስ ምድር፣ አንግልሲ በተባለችው ደሴት ላይ፣ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 58 ፊደላት የሚፈጅ አንድ መንደር አለ። ትርጓሜው ሲፈታ በነጩ የሐዘል ዛፍ ሸለቆ፣ ፈጥኖ ከሚሽከረከረው ውሃ አጠገብ፣ በቀዩ ዋሻም ዘንድ ካለችው ከቅዱስ ታሲሊዮ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የምትገኝ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ማለት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ስሙን ከጥንት አበው የተወረሰ ቅርስ አድርጎ ቢቀበለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ረጅሙ ስም የተቀጠለው በ1860ዎቹ ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው)፤ የተቀጠለበትም ምክንያት የባቡር ሐዲዱ በዚያ ካለፈ በኋላ መንገደኛው በስሙ ተደንቆ ከፉርጎው እንዲወርድ ነው። በአሜሪካም ኒው ሜክሲኮ ግዛት ውስጥ ቀድሞ ሆት ስፕሪንግስ፣ ማለት ፍል ውሃ፣ ይባል የነበረ ከተማ በ1950 የአንድ የራዲዮ ጨዋታ ዝግጅትን ስም ወስዶ «እውነት ወይም መዘዝ» ተብሏል፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል።

እነዚህ ስሞች ሰውን ለመሳብ ተብለው የተሠሩ እንደ መሆናቸው መጠን የታሰበላቸውን ፈጽመዋል፤ ብዙም ተጽፎላቸዋል። እኔ ግን ለአንባቢ ላስተዋውቅ የምሻው ከእነዚህ ተቃራኒ የሆኑትን፣ ስማቸው ሲጠራ ሰሚው ጆሮውን የሚመልስባቸውን ሦስት አገሮች ነው። እነርሱም በስኮትላንድ ያለችው ደል፣ በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት ያለችው ቦሪንግ፣ በአውስትራልያም በኒው ሳውዝ ዌልስ ያለው የብላንድ ወረዳ ናቸው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ቃል ፈዛዛና ደብዛዛ፣ ሁለተኛው አሰልቺ፣ ሦስተኛው ጨው እንዳልገባበት ወጥ ጣዕም የለሽ ማለት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዱ ስንኳ በዚህ ፍቺ የተሰየመ የለም፤ ሁለቱ የሰው ስም ናቸው፣ የደል ስም ደግሞ እንግሊዝኛ መንደሪቱ ወዳለችበት ሸለቆ ሳይደርስ የኖረ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በአጋጣሚ በመግጠሙ ብቻ ታሪካቸውን ሳይጠይቁ ማለፍ ትልቅ ጉዳት ሆኖ ይታየኛል።

ቦሪንግ ከፖርትላንድ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟ የመጣው ከዊልያም ሃሪሰን ቦሪንግ ነው፤ ይህ ሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኖቹ ሠራዊት ጋር ተሰልፎ ከዋለ በኋላ በ1874 ወደ ኦሪገን መጥቶ በዚያ እርሻ ያዘ፤ ለትምህርት ቤት ማሠሪያም ከመሬቱ ከፍሎ ሰጠ። በ1903 የከተማው ቦታ ተለክቶ በካርታ ሲሰፍር የገበሬው ስም የከተማው ስም ሆነ። በ2012 ከስኮትላንድ የመጣች አንዲት ብስክሌተኛ በዚያ ስታልፍ ስሙን አይታ በአገሯ ያለችው ደል ትዝ ስላለቻት፣ ሁለቱ ቢወዳጁ መልካም ነው የሚል ሐሳብ አቀረበች። ደል ከመቶ የማትበልጥ ነፍስ የምትኖርባት መንደር፣ ቦሪንግ ግን ሕዝቧ በሺህ የሚቈጠር በመሆኑ እኅት ከተሞች መባል አልተቻላቸውም፤ በዚህም ምክንያት «ጥንድ» ተብለው ተወዳጁ። በ2013 የኦሪገን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ኦገስት 9፣ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 3 ቀን፣ የቦሪንግና የደል ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲታሰብ ደነገገ። በዚያው ዓመት ብላንድ ሦስተኛ ሆኖ ወደ ማኅበራቸው ገባ።

የብላንድ ወረዳ የሚጠራበት ዊልያም ብላንድ በ1789 ለንደን ውስጥ ተወልዶ በእንግሊዝ የባሕር ኀይል ሐኪም የሆነ ሰው ነው። በ1813 ቦምቤይ ወደብ ላይ ከመርከቡ ሹማምንት ከአንዱ ጋር ተጣልቶ፣ እንደ ዘመኑ ልማድ በሽጉጥ ተጋጥመው ባላጋራው ስለ ሞተ፣ የሰባት ዓመት ግዞት ተፈርዶበት ወደ አውስትራልያ ተወሰደ። ብዙም ሳይቈይ ምሕረት ተደርጎለት ሲድኒ ላይ የግል ሕክምና ቢጀምርም፣ አገረ ገዥውን ማክዋሪን የሚነቅፍ ጽሑፍ በመጻፉ በ1818 እንደ ገና ታሰረ። ከእስር ወጥቶ ድኾችን በነጻ ሲያክም ኖረ፤ በ1843 ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ1859 ደግሞ የአውስትራልያ የሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በ1851 በእንፋሎት ሞተር የሚነዳ የአየር መርከብ ንድፍ ማውጣቱ ነው፤ ከሲድኒ ወደ ለንደን በባሕር መጓዝ ወራት በሚፈጅበት ዘመን ይህ ግዞተኛ የነበረ ሰው ርቀቱን በሰማይ ሊያሳጥር አሰበ። የወረዳው ዋና ከተማ ዌስት ዋያሎንግ በ1893 ወርቅ በመገኘቱ የተቈረቈረች ስትሆን፣ ዛሬ የምትታወቀው ከባሕር ዛፍ ዘይት በማውጣት ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት ዛፍ የመጣው ከዚያው ክፍለ ዓለም እንደ ሆነ አንባቢ ያስታውሳል።

ወደ ደል ስንመለስ ነገሩ ይጠልቃል። መንደሪቱ በፐርዝሻየር አውራጃ፣ ከአበርፌልዲ ከተማ ጥቂት ወደ ምዕራብ፣ ከቴይ ወንዝ በስተ ሰሜን ባለው ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ በጥንተ ክርስትና ዘመን ገዳም ነበረባት። በዚያ አካባቢ የሚነገረው ትውፊት ስሟን ከአዮና ገዳም ዘጠነኛ አበ ምኔት ከቅዱስ አዶምናን ዕረፍት ጋር ያያይዘዋል። ቅዱሱ የዕረፍቱ ጊዜ መቅረቡን ዐውቆ፣ ሥጋውን በቃሬዛ ተሸክመው ከግሌን ላየን ሸለቆ ወደ ታች እንዲወርዱና የቃሬዛው ማሰሪያ በተበጠሰበት ስፍራ እንዲቀብሩት አዘዘ፤ ማሰሪያውም እዚህ ላይ ስለ ተበጠሰ ቦታው በማሰሪያው ስም ተጠራ ይላሉ። የስም ሊቃውንት በበኩላቸው ቃሉ ከጥንቱ የአገሬው ቋንቋ የመጣ፣ የወንዝ ዳር መስክ ማለት ነው ይላሉ፤ ሸለቆውን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሊቃውንቱ ሐተታ ሚዛን ይደፋል፣ የትውፊቱ ጣዕም ግን ገድላትን ሲሰማ ላደገ የእኛ አንባቢ ቶሎ ይገባዋል።

አዶምናን ራሱ በአገራችን ሊታወቅ የሚገባው አባት ነው። በ697 በአየርላንድ ያስደነገገው ሕግ በጦርነት ጊዜ ሴቶች፣ ሕፃናትና ካህናት እንዳይገደሉ የሚከለክል ሲሆን፣ ብዙ ነገሥታትና ኤጲስ ቆጶሳት ዋስ ሆነውበታል። የአዮናን ገዳም መሥራች የቅዱስ ኮሎምባን ገድል ጽፏል። ስለ ቅዱሳት መካናትም አንድ መጽሐፍ አለው፤ ይኸውም አርኩልፍ የተባለ የጋሊያ ኤጲስ ቆጶስ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ፣ ታሪክ ጸሐፊው ቤዳ እንደሚለው፣ ማዕበል ወደ ብሪታንያ ምዕራብ ጠረፍ ጥሎት፣ አዶምናን ጎልጎታንና ቤተ ልሔምን፣ እስክንድርያንና ቍስጥንጥንያን ከአፉ እየጠየቀ በመጀመሪያ በሰሌዳ፣ ኋላም በብራና ላይ ያሰፈረው ነው። ከእነዚያ ከተሞች አንዱንም በዐይኑ ያላየ መነኵሴ በአዮና ደሴት ተቀምጦ ለዘመኑ ምዕራባውያን የኢየሩሳሌም መሪ ሆነ። ያረፈው በ704 ነው።

የደል ገዳም ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ወደ ክልሉ የገባ ተሳዳጅ እንዳይነካ ወሰኑን ያመለክቱ ከነበሩት የመማጸኛ መስቀሎች ግን አንዱ ክንዱ ተሰብሮና በዝናም ተልጦ እስከ ዛሬ በመንደሩ ውስጥ ቆሟል። የቦሪንግን ስም ከደል ጋር አጣምሮ በሚያሳየው ሰሌዳ ፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለሰው ጐብኚ ብዙ ነው፤ ከሰሌዳው አልፎ ይህን መስቀል ማየት ይገባዋል፣ ጊዜ ከተረፈውም ወደ አበርፌልዲ አቅጣጫ ወዳለችው ወደ ዊም ሄዶ ከደል ተነሥተው በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠበቁትን ሌሎቹን ሁለት መስቀሎች ይመልከት።