መጽሐፍ የሚገኘው ከሰው ነው

መርሳ በሰሜን ወሎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። የግብርና ኮሌጅ አላት፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው ወረዳ ነው፤ ወልድያ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ማንበብ የሚወድ ሰው በዚህ አካባቢ አይጠፋም ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ መጽሐፍ የሚታተመውም፣ የሚመረቀውም፣ የሚወራለትም አዲስ አበባ ነው፤ ክፍለ ሀገር የሚዘልቀው ስሙ ቀድሞ የገነነው ብቻ ነው። እዚህ ያለ አንባቢ የማያውቀውን ደራሲ የሚያገኘው አንብቦ ከወደደ ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ስለ ንባብ ሲታሰብ ከሕንፃውና ከመደርደሪያው በፊት አንባቢዎች የሚገናኙበት ነገር ይታሰብ እላለሁ።

ታሪካችን ይህንኑ ይመሰክራል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር የልቦለዱን ፍቅረኞች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቃቸው፤ አንድ ሬዲዮ ለብዙ ጆሮ ይበቃ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ታገደ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። ማስታወቂያ ያልነበረው፣ መደብር የማይሸጠው ያ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ እየተላለፈ ኖረ፤ የተዋሰው ሁሉ ቀጥሎ ማንን እንደሚያምን ይመርጥ ነበር። ወሎ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቅብብል ባዳ አይደለም። መንዙማ ለዘመናት የዘለቀው ሰው በሀድራ ጉባኤ ተቀምጦ አብሮ ሲሰማው፣ ሲቀበለውና በቃሉ ሲይዘው ነው።

ዛሬ ቴሌግራም አለ፣ ስልክ ላይ የማይገኝ መጽሐፍ የለም የሚል ይኖራል። ያለ ደራሲው ፈቃድ የተለቀቀ ፒዲኤፍ ጸሐፊውን ባዶ እጁን እንደሚያስቀረው ሳንረሳ፣ መቶ ፋይል ያወረደ ወጣት የትኛውን ይጀምር? ፋይሉ አይመክረውም። መጽሐፉን «አንብበው» ያለ ጓደኛ ግን በሳምንቱ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምርጫው ካልጣመም ወቀሳውን ይቀበላል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የአንባቢዎች ስብስብ ሁሉንም ወደ አንድ ዝነኛ መጽሐፍ ይነዳል፣ የራስን ጣዕም ያጠፋል ይባላል። እውነትነት አለው። «ፍቅር እስከ መቃብርን» የማያነሳ የለም፤ የዚያው ደራሲ «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልምዣት» ግን የሚያወሳቸው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱም ያለው እዚያው ስብስብ ውስጥ ነው። ሐዲስን የወደደውን ሰው ወደ ሁለቱ መጻሕፍት የሚወስደው ያነበባቸው ሌላ ሰው ነው። ከዋግ የወጣውን የወሎውን ማሞ ውድነህን በስለላ ትርጉሞቹ ብቻ ለሚያውቅ፣ ሌሎች ሥራዎቹን የሚያሳየው ያው ሰው ነው። የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ከፍቶ ግራ የተጋባም፣ አብሮት የሚያነብ ካለ አይተወውም። በስብስቡ ውይይት ላይ መጽሐፉን ያልወደደው አስቀድሞ ይናገር ቢባል ደግሞ ለዝና መስገድ ይቀንሳል።

ገንዘብስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወልድያም መርሳም ብዙ አጥተዋል፤ ዩኒቨርሲቲውም ክፉኛ ተጎድቷል። መደርደሪያ ለመሙላት ዓመታት ይፈጃል፤ ለአንድ ስብስብ ግን በወር አንድ ቅጂ ይበቃል። የኮሌጅ ተማሪ፣ የሲሪንቃ ባለሙያ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህርና ባለ ሱቅ አዋጥተው፣ ለሥራ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ሰው ይልካሉ። መጽሐፉ በተራ ይዞራል። ያነበበው ሁሉ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ስሙንና የተሰማውን በአንድ መስመር ቢያሰፍር፣ ቀጣዩ አንባቢ ገና ሳይጀምር ከማን ጋር እንደሚከራከር ያውቃል።