ብርድ የሚችል ዘር ከመጠየቅ በፊት

በግንደወይን ዙሪያ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች ለሚሠራ የግብርና ባለሙያ ጥቅምት ሲጠባ የሚመጣለት ጥያቄ ይታወቃል፤ «ብርድ የሚችል ዘር የለም ወይ?» ጠያቂው ያለ ምክንያት አይጠይቅም። ክረምቱን ሙሉ የደከመበት ገብስ ዛላ አውጥቶ ፍሬ ሊይዝ ሲል በአንዲት የጠራች ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። ማሳው ከሩቅ ሲታይ ነጥቶ የደረሰ አዝመራ ይመስላል። ቀርቦ ዛላውን በመዳፉ ሲያሸው ግን የሚቀረው እብቅ ብቻ ነው።

ባለሙያው ለዚህ ጥያቄ ቶሎ ብሎ የዝርያ ስም ቢጠራ ሁሉም ደስ ይለዋል። ገበሬው ስሙን ይዞ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይሄዳል፤ ባለሙያውም ሥራውን የሠራ ይመስለዋል። እኔ ግን ከስም በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ማሳው ያረፈው የት ነው? ሰብሉ የሚያብበውስ በየትኛው ሳምንት ነው? እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥ ዘር፣ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ለዕድል የተተወ ዘር ነው።

የእኛ ውርጭ እንደ ሰሜኑ ዓለም ለወራት ተኝቶ የሚከርም ብርድ አይደለም፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ቁሩ አጥንት ይሰብራል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይረጋል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር ኖሮ ከፊሉን ይመልስላት ነበር፤ በጠራ ሰማይ ግን መላሽ የለም። የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ብርዱ የሚከፋው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል ነው። ቅጠሉ ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ እታች ያለው ቡቃያ አመዳይ ሊለብስ ይችላል። «ዛሬ ውርጭ አለ አልተባለም ነበር» የሚለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ግንደወይን ላይ ቆሞ ለሚያይ መሬቱ በአንድ ወገን ወደ አባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ከፍታው ከ4,000 ሜትር ወደሚያልፈው ወደ ጮቄ ተራራ ይወጣል። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እንደሚቀዘቅዝ ማንም የግብርና ተማሪ ያውቃል። በዚህ ስሌት ከሄድን ከላይ ያለው ማሳ ሁልጊዜ ቀድሞ መመታት ነበረበት። የጠራች ሌሊት ግን ስሌቱን ትገለብጠዋለች። አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ከእኔ በተሻለ ቋንቋ ነግረውኛል፤ «ልጄ፣ ውርጭ እንደ ውኃ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል።» እውነታቸውን ነው። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ ይንሸራተትና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይከማቻል። በኅዳር ማለዳ ከአምባው ወደ ወንዙ ብትወርዱ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ወገቡ ላይ ያለው ገብስ ጤዛ ብቻ ይዞ ያድራል፤ ከሥሩ፣ ሜዳው ላይ ያለው ሣር ግን ነጭ ሆኖ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል።

ገበሬው ይህን ካወቀ ባለሙያው ምን ይጨምራል? በእኔ ግምት የባለሙያው ድርሻ የገበሬውን ዕውቀት ከመስኖ ዕቅዱ ጋር ማገናኘት ነው። ችግሩ ያለውም እዚያ ላይ ነው። በበጋ የምናለማቸው የመስኖ ማሳዎች አብዛኞቹ ወንዝ ዳር ናቸው፤ ውኃው ያለው እዚያ ነዋ። ወንዝ ዳር ደግሞ ብርዱ የሚተኛበት ረባዳ ነው። በጋ ማለት የውርጭ ወቅት ማለት ነው። እንግዲህ በጥቅምት ወንዝ ዳር ድንች የተከለ ሰው ውርጭ የማይችለውን ሰብል ውርጭ በሚበዛበት ቦታ፣ ውርጭ በሚበዛበት ወር አስቀመጠ። ዕቅዱ ላይ የሚጻፈው የሄክታር ቁጥር ነው፤ የማሳው አቀማመጥ አይጻፍበትም።

የተመታ ድንች ማለዳ ላይ ሲታይ ለማያውቅ ሰው ጤነኛ ይመስላል። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ ሲነኩት መስተዋት ይመስል ይሰበራል። ፀሐይ ስትወጣ ውኃ የጠጣ ጨርቅ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይወድቃል። ድንች ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉ ይሞታል። በዚያች ሰዓት ገበሬው ነቅሎ ሊጥለው እጁን ሲዘረጋ ቆይ ማለት የእኛ ሥራ ነው። ወጣት ተክል ከሆነና አፈር በደንብ ከታቀፈለት ከመሬት በታች ያለው ዓይን አዲስ ቀንበጥ ይሰጣል። ኮረት ከያዘ በኋላ የተመታ ከሆነ ደግሞ ልጣጩ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል መሬት ውስጥ ይቆይ፤ ያን ጊዜ ሲወጣ ገበያ ላይ አይላላጥም።

«ታዲያ ወንዝ ዳር ምን እንትከል?» ቢባል ዝርዝሩ አጭር ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመንና ካሮት ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይችሉም። ድንች የግድ ካስፈለገ ውኃው እስከደረሰ ድረስ ከረባዳው ከፍ ያለው ተዳፋት ይሻለዋል፤ ወይም ተከላው ወደ ጥር መጨረሻና የካቲት ይገፋ።

ቀኑን በተመለከተ ስንዴና ገብስ ብዙ ያስተምራሉ። ሁለቱም በቡቃያነታቸው ጠንካሮች ናቸው፤ የማደጊያ ነጥባቸው ገና አፈር ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉ ቢቃጠል እንኳ ያገግማሉ። በአበባ ጊዜ ግን ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ መውረድ ይበቃቸዋል። የበጋ መስኖ ስንዴ በደጋ ላይ የሚያዋጣውም የማያዋጣውም በዚህ ስሌት ነው። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ የተዘራ ቡቃያውን ለውርጩ ሰጥቶ አበባውን ለየካቲት ያቆየዋል። «ውኃው እያለ ለምን እንጠብቃለን» ተብሎ በመስከረም የተዘራው ግን አበባውን ይዞ ታኅሣሥ ላይ ይገኛል። ውርጭ የመታው ዛላ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ቀን ቆይቶ አንዱን አበባ በጥፍር መክፈት ነው። ጤነኛው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ያብጣል፤ የተመታው ቡናማ ሆኖ ይጨማደዳል። ይህ ከታወቀ ገበሬው የሞተ ማሳ ሲጠብቅ አይከርምም፤ ለከብቶቹ አጭዶ መሬቱን ነፃ ያወጣል።

«ከብርድ አገር ዘር ይምጣልን» የሚል ሐሳብም አልፎ አልፎ ይነሳል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው በረዶ ውስጥ የሚያድር ስንዴ አለ ሲባል ሰምቷል። አለ፤ የክረምት ስንዴ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ችሎ በረዶ ሥር ይከርማል። ግን የሚችለው ቡቃያ ሆኖ ነው፤ ዛላ ለማውጣትም ሳምንታት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ማግኘት አለበት። ቀኑ ሞቃት በሆነው በእኛ ደጋ ላይ ሣር ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሰሜን ሰዎች ጥንካሬውን የሚፈልጉት በቡቃያው ነው፤ እኛ ደግሞ በአበባው። እንዲያውም እነሱ በደጅ ለሚያለሟቸው ለአንዳንድ ተክሎች ዋናው መላቸው ጥንካሬ አይደለም። ለምሳሌ ካናቢስን እንውሰድ፤ በእኛ አገር ማብቀሉ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው፣ ካናዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳዋለች። ተክሉ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። የሰሜኑ የበጋ ቀን ግን ረጅም በመሆኑ አበባው ይዘገይና ፍሬው ሳይበስል ውርጭ ይደርስበታል። ስለዚህ አልሚዎቹ የቀኑን ርዝመት ሳይጠብቁ በዕድሜያቸው የሚያብቡትን ዝርያዎች መረጡ። በፊንላንድ የወጣው ፊኖላ የተባለው የቅባት ሄምፕም አጭርና ቶሎ ደራሽ ነው። የዓለምን ብርድ የለመዱት ሰዎች እንኳ ውርጭን ከመቋቋም ይልቅ መቅደምን መርጠዋል ማለት ነው።

ቶሎ ደራሽ ዘር ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ የገብሳችንን ብዛትና ልዩነት አይቶ ተደንቋል። ገብስን የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋመው ዝነኛ ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ሌሎች አገሮችም ተጠቅመውበታል። በአዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እነዚህን ዘሮች ይጠብቃል። የደጋ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ምርቱ ጥቂት ቢሆንም ቶሎ የሚደርስ፣ በመስከረም የልጆችን ረሃብ የሚያስታግስ ገብስ ይገኛል። አዲሱ ዝርያ በኩንታል ይበልጠዋል፤ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ስለሆነ ብልጫው የሚገኘው ውርጩ ከዘገየ ብቻ ነው። በጮቄ ዙሪያ የሚዘራው እንግዶ የተባለው እህልም እንዲሁ በምክንያት የቆየ ነው። ገብስ ባቃተው በአሲዳማና በተጎሳቆለ መሬት ላይ ይቆማል፤ እንጀራም ይሆናል። ባለሙያ «ኋላ ቀር ዘር» ብሎ ከማጣጣሉ በፊት ገበሬው ለምን እንዳቆየው መጠየቅ አለበት።

ጥንካሬ ዋጋ እንዳለውም አይረሳ። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ ውርጭ የሚችሉ የድንች ዓይነቶች አሉ፤ ግን መራሮች ናቸው። ሰዎቹ ሌሊት በውርጭ እያቀዘቀዙ፣ ቀን በፀሐይ እያደረቁ፣ በውኃም እያነከሩ ካልሆነ አይበሏቸውም። እኛ ጋ የታወቁት ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት በዋናነት ዋግን ለመቋቋምና ለምርት ተብሎ ነው። ውርጭን ይመክታሉ ብሎ ለገበሬው ቃል መግባት አይገባም።

ውርጭ ሊመጣ ሲል ስለሚደረገው ነገርም ጥቂት ልበል። ጭስ ማጨስ የተለመደ ነው፤ ግን ጭሱ ራሱ ሙቀቱን አይዝም፣ የሚረዳው እሳቱ ነው፤ እሱም ቅርብ ላለው ብቻ። ከዚያ የሚሻለው ማሳውን አስቀድሞ ማጠጣት ነው፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ቀን ይይዛል፣ ሌሊትም ይለቃል። ጭድ ማልበስ እርጥበት ለመያዝ ጥሩ ቢሆንም በውርጭ ሌሊት የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ከላይ ያለውን ተክል ያስመታል፤ ወይ ተክሉን ጭምር ይሸፍን ወይ ይነሳ። ከማሳው በታች ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ የባሕር ዛፍ አጥርም ቁልቁል የሚወርደውን ብርድ ይገድብና ማሳው ላይ ያጠራቅመዋል። ከታች በኩል ክፍተት መተው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ከወረዳው የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ ልማት ጣቢያ ውርጭ የመታባቸውን ማሳዎች ቦታና ቀን በየዓመቱ ይመዝግብ፤ ወጪው ደብተርና እርሳስ ነው። ከዚያ የዘር ጥያቄ ሲላክ ከዝርያው ስም ጎን ሁለት ዓምድ ይጨመር፤ ማሳው ረባዳ ነው ወይስ ተዳፋት፣ ሰብሉ የሚያብበውስ መቼ ነው የሚሉ። ምርምር ማዕከሉም ዘር ሲያስተዋውቅ ከምርቱ መጠን እኩል የመድረሻ ቀኑን በግልጽ ይንገረን። ይህን ሳናደርግ በያመቱ ዘር እየቀያየርን ከቀጠልን፣ ዝርያው ይለወጥ እንጂ የሚመታው ያው ረባዳ፣ የሚጎዳውም ያው ገበሬ ነው።