ሦስት ጊዜ ስም የወጣለት ትንሽ ዓሣ

በዛሬው የሳይንስ ገጻችን ጋፒ ከሚባል ትንሽ ዓሣ ጋር አስተዋውቃችኋለሁ። ምናልባት የሆነ ቦታ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ አይታችሁት ይሆናል።

ጋፒ ጨው በሌለበት ውኃ የሚኖር የሞቃት አገር ዓሣ ነው። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ሲሆን ቬንዙዌላና የትሪኒዳድ ደሴት ይገኙበታል። ወንዱ ቢረዝም 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሴቷ ግን እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ወንዱ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊና ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ሴቷ ደግሞ ግራጫ ነች። ከጎን የሣልኳቸውን ያዩ የክፍል ጓደኞቼ «ሁለት ዓይነት ዓሣ ነው እንዴ?» ብለውኛል። አይደለም፣ ባልና ሚስት ናቸው! ሴቷ እንደ ብዙዎቹ ዓሦች እንቁላል አትጥልም፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ተሸክማ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ከራባት ግን መልሳ ትበላቸዋለች።

አሁን ወደ ስሙ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1859 ቪልሄልም ፒተርስ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ከቬንዙዌላ የመጣለትን ዓሣ አጥንቶ ፖኢሲሊያ ሬቲኩላታ አለው። ሬቲኩላታ በላቲን «መረብ የመሰለ» ማለት ነው። በ1861 አንድ ጣሊያናዊ ሳይንቲስት ይህንኑ ዓሣ ከባርቤዶስ ደሴት አግኝቶ፣ አዲስ መስሎት ሌላ ስም አወጣለት። በ1866 ደግሞ ለንደን የነበረው አልበርት ጉንተር ሦስተኛ ስም ጨመረ። ዓሣውን ከትሪኒዳድ የላከለት ሮበርት ጋፒ ስለነበረ በእሱ ስም ጠራው። ይኼ ሰውዬ በኋላ የትሪኒዳድ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኗል፤ ልክ ወደ እኛ እንደሚመጡት ሱፐርቫይዘር ማለት ነው።

ታዲያ የትኛው ስም ጸደቀ? የሳይንቲስቶች ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ይጽና ይላል። ስለዚህ ሬቲኩላታ አሸነፈ። «ጋፒ» ከሳይንሱ ስም ቢወጣም በሰው አፍ ላይ ቀረ፤ እኔ መቼም ይኼ በጣም ያስቀኛል።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። እነሱ ግን ይገለብጡታል፤ መጀመሪያ ወገኑን፣ ቀጥሎ ዝርያውን ይጽፋሉ። በእጅ ሲጻፍ ከሥሩ ይሰመርበታል። (ስለዚህ መስመሩ የመምህር እርማት አይደለም!)

ምደባው ደግሞ እንደ ቤት አድራሻ ነው፤ ከክልል ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ እያልን እንደምንጠብበው። የጋፒ ስፍን እንስሳት ነው። ክፍለ ስፍኑ ኮርዴታ ይባላል፤ አከርካሪ ያለን ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ እዚያ ነን። መደቡ የመዋኛ ክንፋቸው በቀጫጭን ዘንጎች የተወጠረ ዓሦች ነው። ክፍለ መደቡ ሳይፕሪኖዶንቲፎርምስ (አንድ ትንፋሽ አይበቃውም)፣ አስተኔው ፖኢሲሊዴ፣ ወገኑ ፖኢሲሊያ፣ ዝርያው ሬቲኩላታ።

«ስሙ ምን ይሠራልናል?» ለምትሉ፦ ጋፒ የትንኝ እጭ ስለሚበላ ወባን ለመከላከል ተብሎ በብዙ አገሮች ኩሬዎች ውስጥ ተለቋል። ከዚያው አስተኔ የሆነው ጋምቡዚያም ለዚሁ ሥራ ተለቋል። አንዳንድ ቦታ ግን እነዚህ እንግዶች የአገሬውን ዓሦች ምግብና ቦታ ተሻምተው ጎድተዋቸዋል። የትኛው ዓሣ የት ኩሬ ምን እንዳደረገ የጻፈው ሰው ሁሉ በሦስት ስም ቢጠራው፣ አንባቢው ስለ ሦስት ዓሣ የሚያነብ ይመስለዋል።

የእኛው ጣና ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነበር። ትልልቆቹ የባርበስ ዓሦች ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ የሰውነት ቅርጻቸውንና ምግባቸውን አስተያይተው ከ10 በላይ ዝርያዎች አድርገው ለይተዋቸዋል።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ጋፒና ጋምቡዚያ እስከ የትኛው የምደባ ደረጃ ድረስ አብረው ይሄዳሉ? የሚለያዩትስ የቱ ላይ ነው? መልሱን ከነስማችሁና ከነክፍላችሁ ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ በር ላይ ካለው ሣጥን ክተቱ።