ያውቁ ኖሯል? ልጁን ከመቆጣትዎ በፊት ኳሱን ይቀይሩ

በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ፒዮሪያ ስትሪትን ከባቡር ጣቢያው ወደ ደቡብ የነዳ ሁሉ የአንሹትዝን ሆስፒታሎችና ኮልፋክስን አልፎ ጁዌል አቬኑ አካባቢ ዩታ ፓርክን ያገኛል። አብዛኞቻችን ፓርኩን የምናውቀው በልደት ኬክና በከሰል ጭስ ነው። ወደ ቴኒስ ሜዳው ልጁን ይዞ የሚገባ ሐበሻ አባት ግን አልፎ አልፎ ይታያል። ይዞት የሚገባው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የአዋቂ ራኬት፣ ቢጫ ኳስና "ረጋ በል እንጂ!" የሚል ድምፅ። ለሰባት ዓመት ልጅ ሦስቱም አይሆኑም። የዛሬው ዓምዳችን ለምን እንደማይሆኑ ይነግርዎታል።

ያውቁ ኖሯል? ዴንቨር ከባሕር ወለል በ1,609 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አውሮራ ትንሽ ትበልጣታለች። የአውሮራ እህት ከተማ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሦስቱም ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ለኳስ ካሠመረው የከፍታ መስመር በላይ ናቸው። መስመሩ 1,219 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ሕጉ ለየት ያለ ኳስ ይፈቅዳል። ነገሩ የአየር ነው። አየር ሲሳሳ ኳሱን የሚያዘገየው ነገር ስለሚቀንስ ርቆ ይበርራል። ከውጭ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስም ውስጡ የታመቀው አየር ኳሱን ከፍ አድርጎ ያነጥረዋል። ስለዚህ የልጅዎ ኳስ አጥሩን ዘልሎ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሲገባ ክንዱን ከማድነቅዎም እሱን ከመቆጣትዎም በፊት ጣሳው ላይ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ። ከ2,300 ሜትር በላይ ላለው አዲስ አበቤ ይህ ምክር ይበልጥ ይሠራል።

ኳስም አየር ይለምዳል! ለከፍታ ቦታ ከተፈቀዱት ኳሶች አንደኛው የውስጡና የውጪው ግፊት የተመጣጠነለት ሲሆን፣ ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ 60 ቀን ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ዴንቨር የመጣ ዘመድ ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ ያየ ሰው ይህ ብዙም አይገርመው።

ያውቁ ኖሯል? ለጀማሪ ሦስት ኳስ አለ፦ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ። ቀዩ ከቢጫው ኳስ በ75 በመቶ ይዘገያል፤ ብርቱካናማው በ50፣ አረንጓዴው በ25። ዋናው ቁም ነገር ግን ንጥረቱ ነው። ቢጫው ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ተለቆ ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር ይነጥራል። ይህ ለአንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ከራሱ በላይ ነው። ቀዩ ከ105 አያልፍም፤ ከልጁ ራስ በታች ይቀራል። ቢጫ ኳስ የሚያሳድድ ሕፃን ራኬቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሲመታ አይተው ከሆነ "አያያዙ ተበላሽቶበታል" ብለው ይሆናል። አያያዙ የተበላሸው ኳሱ ስላስገደደው ነው፤ ያ ልማድ አንዴ ከገባ ደግሞ ለማስለቀቅ ዓመታት ይፈጃል።

ይህ እንደ ምክር ብቻ የሚታይ አይደለም። ፌዴሬሽኑ ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ኳስ አቀብሎ፣ መልሶና ነጥብ ቆጥሮ እንዲወጣ የሚል ዘመቻ በ2007 ጀመረ። ከጥር 2012 ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በቢጫው ኳስ እንዳይወዳደሩ ሕግ ሆኗል።

ሜዳውም ያጥራል። ሙሉው ሜዳ 23.77 ሜትር ነው፤ የቀይ ኳስ ሜዳ 11 ሜትር ገደማ። መረቡም መሐሉ ላይ ከ91.4 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በአንዳንድ ሜዳዎች ላይ ከነጩ መስመር ሌላ ደብዘዝ ያለ መስመር አይተው ከሆነ የሥዕል ስሕተት አይደለም፤ የልጆቹ ሜዳ ነው። እሱም ከሌለ የፒክልቦል ሜዳ ይፈልጉ፤ 13.4 ሜትር ስለሆነ ለቀይ ኳስ በቂ ነው። ያም ከተያዘ ሁለት ታጣፊ ወንበር መካከል ገመድ ወጥረው የአፓርታማው ግቢ ጥግ ላይ መጀመር ይችላሉ። ገመዱ ላይ ነጠላ ወይም ፎጣ ጣል ያድርጉበት፤ ባዶ ገመድ ሲሆን ኳሱ በላይ አለፈ፣ በታች አለፈ የሚል ክርክር ይነሣና ጨዋታው ይቀራል።

ራኬትስ? የአዋቂው 27 ኢንች ነው። ለቀይ ኳስ ልጅ ከ17 እስከ 23፣ ለብርቱካናማው ከ23 እስከ 25 ይበቃል። ሱቅ ውስጥ መለኪያ አያስፈልግዎትም፤ ልጁ ራኬቱን ይዞ ክንዱን ወደ ታች ይልቀቅ። ጫፉ መሬት ከነካና ክርኑ ከታጠፈ ረዝሞበታል። "ያድግበታል" ተብሎ የሚገዛው ለጫማ ነው እንጂ ለራኬት አይሠራም።

ያውቁ ኖሯል? በአጭር ሜዳ መጀመር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አልቲያ ጊብሰን ያደገችው በሃርለም ኒው ዮርክ፣ ለልጆች ጨዋታ ሲባል ለመኪና በሚዘጋ መንገድ ላይ ነው። እዚያ በእንጨት መምቻና ባጠረ ሜዳ ፓድል ቴኒስ ተጫወተች፤ በ1939፣ በ12 ዓመቷ፣ የከተማዋ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ1956 የፈረንሳይን ውድድር አሸንፋ ግራንድ ስላም ያነሣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ለመሆን በቃች። በ1957 ዊምብልደንን አሸነፈች።

አሁን ወደ ማስተማሩ። በ1974 የወጣው የቲሞቲ ጋልዌይ መጽሐፍ ጀማሪን በትእዛዝ ከማጥለቅለቅ አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርግ ይጠይቀዋል፦ ኳሱ መሬት ሲነካ አንድ ቃል፣ ራኬት ሲነካ ሌላ ቃል ጮክ ብሎ ማለት። በእኛ "ነጠረ… መታሁ!" ይሆናል። ዓላማው አእምሮ ስለ ክርንና ስለ ጉልበት ከማሰብ ወጥቶ ኳሱን እንዲያይ ነው። ልጆች ይስቃሉ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይላላል። "ነጠረ" የሚለው ቃል ዘግይቶ ከወጣ ደግሞ ልጁ ኳሱን ዘግይቶ እያየው መሆኑን ያለ ምርመራ ያውቃሉ። ከዚህ የረከሰ የማስተማሪያ መሣሪያ አላውቅም።

"ክርንህን ዝቅ አድርግ" የሚለው ምክር የሚገባውን ያህል የማይሠራው ለምን ይመስልዎታል? በ1998 ጋብሪዬለ ቩልፍና ባልደረቦቿ በበረዶ መንሸራተቻ ማስመሰያ ላይ ሰዎችን ፈተኑ። ለአንዱ ቡድን እግሩን፣ ለሌላው ከእግሩ ሥር ያሉትን የመሣሪያውን ጎማዎች እንዲያስብ ተነገረው። የተሻለ የተማረው ሁለተኛው ነው። ለቴኒስ ሲመነዘር፦ "አንጓህን አዙር" ከማለት "ኳሱን ከዚያች ኮፍያ ላይ አሳርፋት" ማለት ይሻላል። ኮፍያዋን ሜዳው ላይ ማስቀመጥ ግን አይርሱ!

ብዙ አባቶች የሚወዱት ልምምድ አለ፦ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ለፎርሃንድ ብቻ ሃምሳ ኳስ መወርወር። በሃያኛው ላይ ልጁ ያምርበታል፤ አባትም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እዚህ ላይ ኬርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ያሳተሙት ሥራ ይምጣ። የስምንት ዓመት ልጆች በባቄላ የተሞላች ከረጢት ወደ ዒላማ ወረወሩ። አንዱ ቡድን ሁልጊዜ ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተለማመደ። ሌላው አንዴ ከ60፣ አንዴ ከ120፤ ከ90 አንድም ጊዜ አልወረወረም። ፈተናው የተደረገው ከ90 ነው። ያሸነፈው ማን ይመስልዎታል? በዚያ ርቀት ተለማምዶ የማያውቀው ቡድን! በ1979 ሺና ሞርጋን ያሳዩትም ከዚህ ይቀራረባል፤ አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚያልፍ ሰው በልምምድ ሰዓት የበለጠ ያምርበታል፣ እያፈራረቀ የተለማመደው ግን ቀናት አልፈው ሲፈተን የበለጠ ያስታውሳል። ቪዲዮው ላይ የሚያምረውና ልጁ ውስጥ የሚቀረው አንድ አይደለም ማለት ነው። አንዱን ወደ ፎርሃንድ፣ አንዱን ወደ ባክሃንድ፣ አንዱን አጠር አድርገው ይወርውሩ፤ ልጁ ብዙ ይስታል፣ ይሳት።

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ስንቶቻችን ተሰልፈን ተራችንን ስንጠብቅ ደወል ተደውሏል? ሮድ ቶርፕና ዴቪድ በንከር በእንግሊዙ ላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በ1982 ያቀረቡት ዘዴ ቴክኒክ የሚቀድምበትን፣ ጨዋታ መጨረሻ የሚመጣበትን ያንን ቅደም ተከተል ገለበጠው። መጀመሪያ ጨዋታው፣ ከዚያ "ኳሱን ወዴት ብልክ ጓደኛዬ ይቸገራል?" የሚለው ጥያቄ፣ ቴክኒኩ ደግሞ ልጁ ሲፈልገው። በተግባር እንዲህ ነው፦ ሁለት ልጆች ራኬት ሳይዙ፣ በገመዱ ላይ ኳስ ከታች ወደ ላይ ይወራወራሉ፤ አንዴ ነጥሮ ካልተያዘ ነጥብ ነው፣ እስከ 7። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ወደ ባዶው ቦታ መወርወር ይጀምራል። ማንም አልነገረውም።

ያውቁ ኖሯል? በዊልቸር ቴኒስ ኳሱ ሁለት ጊዜ እንዲነጥር ሕጉ ይፈቅዳል። ጨዋታውን በ1976 የጀመረው ብራድ ፓርክስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ለጀማሪም ሁለተኛውን ንጥረት ይፍቀዱ፤ ተጨማሪ ጊዜ ነው፣ ያውም በነፃ።

የሐበሻ ልጅ ሯጭ እንጂ ቴኒስ ተጫዋች አይወጣውም ለሚሉን፦ ኤሊያስና ሚካኤል ይመር ስዊድን ውስጥ፣ ስካራ የምትባል ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው ወንድወሰን ከኢትዮጵያ የሄደ ሯጭ ነበር። ወንድማማቾቹ በ2016 የስቶክሆልም ኦፕንን የጥንድ ዋንጫ ወሰዱ፤ ሚካኤል በ2023 በነጠላ እስከ ዓለም 50ኛ ደረጃ ደረሰ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ታሪኩና ደስታ በተባሉ ሰዎች ስም የተቋቋመ፣ ቴኒስን ከትምህርት ጋር አጣምሮ ለልጆች የሚሰጥ ድርጅት አለ።

ያውቁ ኖሯል? ቢጫ ኳስ የመጣው በ1972 ነው፤ በቴሌቪዥን በደንብ እንዲታይ። ዊምብልደን እስከ 1986 በነጩ ቆየ።

በጃንዋሪ ፀሐይ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ ይጫወቱ፤ ኮሎራዶ እንዲህ ያለ ቀን አይነፍግም። ብርድ ላይ ግን ኳስ እንደ ልብ አይነጥርም፣ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አያሳድሩት።

ልጅዎ ሃይስኩል ከገባ ይህን ይያዙ፦ በኮሎራዶ የወንዶች ቴኒስ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በኦገስት ይጀምራል፣ የሴቶቹ በፀደይ (ስፕሪንግ) ነው። አንድ ቡድን ሦስት ነጠላና አራት ጥንድ፣ በድምሩ 11 ተጫዋች ያሰልፋል፤ ስለዚህ በዘጠነኛ ክፍል የጀመረ ልጅም በጥንድ ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት የዓመቱ የሐኪም ምርመራ ወረቀት መግባት አለበት፤ ቀጠሮውን በጁላይ ይያዙት።